መንገድ መሪዬን ከመንገድ ያወረድኩ ቀን

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የቢሮ ልጆች «ጋሽ ጌታቸው፣ እንግዲህ ጫካው ይናፍቅዎታል» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩ። እውነቱን ብነግራቸው ማን ያምነኛል? ሥራዬ ከሃያ ዓመት በላይ እንግዳ እየመራሁ የካፋን ጫካ ማሳየት ነበር። ሳልፈራ የገባሁበት ቀን ግን አንድም የለም። ጠዋት የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር እጄን ያልበኛል። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ስደርስ፣ ከኋላዬ ያለው እንግዳ ቀና ብሎ «ወይ ውበት!» ሲል እኔ ጆሮዬን አቁሜ ጉሬዛዎቹ ለምን ዝም አሉ እያልኩ አስባለሁ።

ፈሪ አስጎብኚ መጥፎ አይደለም፤ ይህን ያለ ሐፍረት እናገራለሁ። ደፋሩ ዝናብ መጣ ብሎ አይመለስም፣ እኔ እመለሳለሁ። ወደ ካፋ ለመምጣት ለምታስቡ የምሰጠው ምክርም ሁሉ ከፍርሃት የተገኘ ነው። ካልሲያችሁን ከሱሪያችሁ በላይ ሳቡት፤ ጉንዳን መንገድ እያቋረጠ መሆኑን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ጭኑ ላይ ከወጣበት በኋላ ነውና። ወደ ማንኪራ የቡና ጫካ ስትሄዱ ሽቶና የፀጉር ቅባት ሆቴል ተዉት፤ ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሥር ታልፋላችሁ፣ ንቦቹም ሽቶ አይወዱም። ጃንጥላችሁን ሐረግ ይቀማችኋል፤ ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ያዙ። ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ብታዩም አትመኑት። የበሰለ የጫካ ቡና ስታዩ መልቀም ያምራችኋል፤ ዱር ውስጥ በቅሎም ቢሆን ባለቤት አለው፣ ጠይቁ። ማር ከነሰፈፉ ሲሰጧችሁ በእጃችሁ ተቀበሉና ብሉ፤ ማንኪያ ፍለጋ ከሄዳችሁ ሰውየው ይቀየማል።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አንድ ሰው ነው። ስሙ ወዳጆ ይባላል። ይህ ጽሑፍም በእሱና በእኔ መካከል ስለሆነው ነገር ነው፤ በአንድ ወቅት የሰውየው ነጻነትና ስም በእኔ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

መጀመሪያ ግን እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ እንደገባሁ ልንገራችሁ። አያቴ ከሰሜን መጥተው ቦንጋ የቀሩ የመንግሥት ሰው ነበሩ። እኔ ቦንጋ ተወልጄ የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ ከሠፈር ልጆች ጋር ለምጄ አደግኩ፤ ጫካው ግን ከከተማው ጫፍ ቢጀምርም ለእኛ ቤት ልጆች የሩቅ አገር ነበር። እናታችን ማስፈራራት ስትፈልግ ጅብም ፖሊስም አትጠራም። «ጫካ እልክሃለሁ» ካለች ይበቃል።

የመጀመሪያው ምደባዬ ደካ ነበር፣ መዝገብ ቤት። አለቃዬ ደብዳቤ ሁሉ በሦስት ኮፒ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ። ከእሳቸው የተማርኩት ካርቦን አገላብጬ እንዳላስገባ ነው። ከዚያ ቢታ ገነት ተዛወርኩ፤ እዚያም ወረቀት። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፣ ለማንም አዲስ ነገር አይሆንም። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ ሲዋቀሩ ቱሪዝም የሚባል ክፍል ቦንጋ ተከፈተና በዝውውር መጣሁ። ኃላፊያችን አቶ አድማሱ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ፣ የጻፉትን ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚያነቡ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን አስጠርተው «ጌታቸው፣ የጫካ ቡና እንይ የሚሉ እንግዶች መምጣት ጀምረዋል። አንተ አማርኛም ካፊኖኖም ትችላለህ፤ እንግሊዝኛህም ያግባባል። ከእንግዶች ጋር ጫካ የምትገባው አንተ ነህ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ጫካ አላውቅም» አልኩ።

«የሚያውቅ ሰው ቀጥረንልሃል። በር ላይ ቆሟል» አሉ።

በመስኮት አየሁ። አንድ አጭር፣ ጠንካራ ሰው ከግቢው በር ውጪ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ለምን ወደ ውስጥ እንዳልገባ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማንጆ ነበር። ማንጆዎች ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁ፣ ከጥንት በአደንና በከሰል የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሌላው ሕዝብ ግን ቤቱ አያስገባቸውም፣ ከእነሱ ጋር አይበላም። መንገድ ላይ ከተገናኙ ማንጆው ከመንገዱ ወርዶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ያሳልፋል። አዋጅ የለውም፣ የሚያስገድድም ፖሊስ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። አቶ አድማሱ እሱን መቅጠራቸው ራሱ በከተማው ጥቂት አስወርቶባቸዋል።

በር ላይ የቆመው ሰው ወዳጆ ነበር፤ አሁን እሳቸው ብዬ ልጻፍ። ያኔ በዐሥራ ሁለት ዓመት ይበልጡኛል፣ እኔ ግን «አንተ» ነበር የምላቸው። የቢሮውን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ የምል ሰው እሳቸውን አንተ ስል ምላሴ አልተደናቀፈም። እሳቸው እኔን «አቶ ጌታቸው» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ እንግዳ ሁለታችን ብቻ ጫካ ገባን። አፈርኩም፣ ፈራሁም። ጥላው ውስጥ ገብተን ዐሥር ደቂቃ እንደሄድን ከየት እንደመጣን ጠፋብኝ። እርጥበቱ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከላይ የሆነ ነገር ቅርንጫፍ ሰብሮ ሲያልፍ ቁጢጥ እላለሁ። ጋሽ ወዳጆ አይስቁብኝም ነበር። «መፍራት ጥሩ። የማይፈራ ሰው አይሰማም» አሉኝ አንዴ።

ልማዳቸውን ሁሉ ሠረቅኋቸው። ጫካ ውስጥ አያወሩም። መንገዱ ሲታጠፍ ከመታጠፋቸው በፊት ይስላሉ፤ ጎሽም ሆነ ሰው ድንገት እንዳይደነግጥ። መንገድ በተከፈለ ቁጥር የሣር ጫፍ ወደ ቤት አቅጣጫ ይቋጥራሉ። ወንዝ ከመሻገራቸው በፊትና ከተሻገሩ በኋላ ሰው ይቆጥራሉ፤ ሁለታችን ብቻ ብንሆንም ይቆጥራሉ። ደካማ የሚመስላቸውን ሰው ሁልጊዜ ልክ ከኋላቸው ያደርጉታል። ጉሬዛዎቹ ሲንጫጩ ይረጋጋሉ፣ ዝም ሲሉ ይቆማሉ። ከሁሉ በላይ ግን ዱላቸው ነው። ቅጠል የተከመረበት መሬት ካዩ ሳይረግጡ በዱላው ይወጉታል። በእርሻ ዳር የዱር አሳማ በቆሎና እንሰት ሲያጠፋ ገበሬው ጉድጓድ ይቆፍርና በቅጠል ይሸፍነዋል፤ ሲያረጅ ይረሳዋል። እንግዳ ሲመጣ የሚሰጡት ትእዛዝም አንድ ብቻ ነበር። «እኔ የረገጥኩት ላይ ርገጡ።»

አንድ ነገር ግን በዚያን ጊዜም አይቻለሁ፣ አልተናገርኩም። ከፊታችን ሰው ሲመጣ ጋሽ ወዳጆ ከመንገዱ የሚወርዱት በአንድ ረጅም ዝላይ ነበር። መሬቱን በዱላው ለመውጋት ጊዜ አይወስዱም። የተከበረ ሰው ሲመጣ ቀስ ብሎ መውረድ ራሱ እንደ ጥጋብ ይቆጠራል። ዘልለው ቁጥቋጦ ውስጥ ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ሰዎቹ ካለፉ በኋላ ይመለሳሉ። እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ እቆምና ከሰዎቹ ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ። እንግዳ ይዘን ይህ ቢያጋጥም ምን ይሆናል የሚል ሐሳብ አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል። አቶ አድማሱ ዘንድ ገብቼ ለመናገር አስቤ፣ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያሳፍረኝ ነበር፤ ማንሳቱ ደግሞ ከዝምታው ይልቅ አስፈራኝ።

አንድ ዓመት ያህል በሰላም ሠራን። ከዚያ መምህርት ሂሩት መጣች።

ሂሩት አዲስ አበባ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ በዕረፍቷ ለብቻዋ አገር የምታይ ሴት። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥላ የምታስተምራቸውን ቦታዎች ራሷ ሳትረግጥ ማስተማር እንደሰለቻት ነገረችን። ደብተርና እርሳስ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ገና ከግቢው በር ስንወጣ ጋሽ ወዳጆን እጃቸውን ጨብጣ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆዩ። እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

ቅደም ተከተላችን እንደወትሮው ነበር። ጋሽ ወዳጆ ከፊት፣ ሂሩት ልክ ከኋላቸው፣ እኔ መጨረሻ። «እኔ የረገጥኩት ላይ ርገጡ» አሏት። እንደ ጎበዝ ተማሪ ተቀበለች። ዓይኗን ከተረከዛቸው ሳትነቅል ትሄዳለች፤ ሲቆሙ ትቆማለች፣ ሲያልፉ ታልፋለች። ቆም ስንል ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች። ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ስታይ ሰው እንዴት እንደሚወጣው ጠየቀች፤ ጋሽ ወዳጆም ሐረጉን በወገባቸው አዙረው አሳዩዋት። እንደዚያ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም።

ከቀትር በፊት አንድ የእርሻ ዳር ይዘን ስንወርድ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፈዋ መንገድ ስትታጠፍ፣ ጋሽ ወዳጆ ሳሉ። ከወዲያ ማዶ ሌላ ሳል መለሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ብቅ አሉ፤ ከለቅሶ የሚመለሱ ናቸው። አንደኛውን አውቃቸዋለሁ፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ፣ ቢሮአችንም ለስብሰባ የሚጠራቸው ሰው ናቸው።

ጋሽ ወዳጆ ያን ቀን ወዲያው አልወረዱም። ሰዎቹ ሁለት እርምጃ እስኪራመዱ ድረስ ቆሙ። እስከ ዛሬ ያ ቅጽበት ፊቴ ላይ ነው። አንገታቸውን ወደ ሂሩት አዞሩ፣ ከዚያ ወደ ግራ ቁጥቋጦውን አዩ፣ ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። መሬቱን ሊወጉ ነበር። እንግዳዋ ከኋላቸው እንዳለች እያሰቡ ነበር። ሽማግሌው ግን እየቀረቡ ነው፣ ፊታቸውም መጥቆር ጀምሯል፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌው ምን ይሉኛል የሚለው ብቻ ታየኝ። ከኋላ ሆኜ «ወዳጆ፣ ውረድ!» አልኩ።

ዘለሉ። እንደ ልማዳቸው በአንድ ረጅም ዝላይ። ሂሩትም የታዘዘችውን አደረገች፤ የረገጡበት ላይ ለመርገጥ ተከተለቻቸው። የእሷ እርምጃ ግን የእሳቸው ዝላይ አልነበረም። ግማሽ መንገድ ላይ ቅጠሉ ተከፈተና ዋጣት።

ድምፅዋን አልሰማሁም። የሰማሁት የደረቅ እንጨት መሰበር ነው። ቀጥሎ ፀጥታ። ከዚያ ከመሬት ውስጥ «እናቴ» የሚል ቀጭን ድምፅ። በጉልበቴ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ከሰው ቁመት ይጠልቃል። ታች ሆና ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ግራ ጭኗ በማይሆን አቅጣጫ ተጣጥፏል። ከሥሩ የተተከሉት የሾሉ እንጨቶች በስብሰው ነበር፤ አንዱ ብቻ ጎኗ አጠገብ ቆሟል። አንድ ስንዝር ቢቀርባት ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ጋሽ ወዳጆ ከእኔ በፊት ወርደዋል። «አትንቀሳቀሽ፣ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሽቅብ አዩኝና «አቶ ጌታቸው፣ ግድግዳው ላይ ምን አለ? ይዩ» አሉኝ። አየሁ። የጉድጓዱን አንድ ጎን ጉንዳን ይዞታል፤ በእሷ መውደቅ መንገዱ የተበጠሰበት የጉንዳን ሠራዊት ተበትኖ ወደ ታች እየወረደ ነው። መጮህ ጀመርኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን ቀድደው ጭኗን ከዱላቸው ጋር አሠሩት። ያን ለሃያ ዓመት መሬት ሲወጉበት የኖሩትን ዱላ ሁለት ቦታ ሰብረው መደገፊያ አደረጉት። ጉንዳኑ ክንዳቸውን፣ አንገታቸውን ይነክሳቸው ነበር። ከእሷ ላይ ይለቅማሉ፣ ከራሳቸው ላይ አይለቅሙም።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡን፣ አንደኛው ሮጦ ከመንደር ሰው ጠራ። ሐረግ ቆርጠን አወጣናት፣ ቃሬዛ ሠርተን ተሸከምናት። ዝናቡ ያዘን። በየዳገቱ ሰው ሲለዋወጥ ጋሽ ወዳጆ አልተለወጡም። ሂሩት ስታቃስት እኔ ሞተች፣ አሁን ሞተች እል ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ እጇን ከጋሽ ወዳጆ እጅ ማላቀቅ አስቸገረን። ያንኑ ቀን ወደ ጅማ ወሰዷት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ፍርሃት የጫካ ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ወዳጆ ተያዙ። ማንጆው እንግዳዋን ወደ ራሱ የአሳማ ጉድጓድ መራት የሚል ወሬ ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ጉድጓዱ የአንድ ገበሬ እንደነበር ግን በኋላ ተረጋግጧል። ሂሩት ከተረፈች ክሱ አንድ ነገር፣ ካልተረፈች ሌላ ነገር ነው አሉ ፖሊሶቹ። ከጅማ የሚመጣው ወሬ ይለዋወጣል። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ትኩሳት ያዛት፤ ተሻላት፤ እንደገና ያዛት።

አቶ አድማሱ አስጠሩኝ። ሪፖርት መጻፍ እንዳለብኝ ነገሩኝ። አላስፈራሩኝም፣ እንዲህ በል እንዲያ በል አላሉኝም። «ጌታቸው፣ ያየኸውን ጻፍ» ብቻ ነው ያሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። «ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ብጽፍ ምን ይሆናል? ከሥራ እባረራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። የሂሩት ቤተሰብ ይከሰኛል። ሽማግሌው «ስሜን ምን አነሳው?» ይላሉ። ሰው ቤት ለቅሶ ስገባ ዞር ብለው ያዩኛል። ይህን ሁሉ አሰብኩና እንዲህ ጻፍኩ። «መሪው ከፊት ከሚመጡ ሰዎች ለመሸሽ በራሱ ፈቃድ ከመንገድ ወጣ። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ በሚገባ አላየሁም።» አንብቤ ፈረምኩ፤ ቲተርም አስመታሁበት። ለፖሊስም ያንኑ ደገምኩ፤ ሽማግሌዎቹን የጠየቀ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ታሠሩ። በፖሊስ ጣቢያው በኩል ማለፍ ትቼ በገበያው ዙሬ ቤቴ እገባ ነበር። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ ወባ ይመስለኛል አልኳት።

ከዚያ የሂሩት ደብዳቤ መጣ። ተኝታ የጻፈችው ነው፤ መስመሩ ሽቅብና ቁልቁል ይላል። አቶ አድማሱ መነጽራቸውን ስለረሱ «አንብብልኝ» ብለው ሰጡኝ። ጋሽ ወዳጆም በፖሊስ ታጅበው መጥተው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሮው በር ውስጥ ገብተው በሩ ጥግ ቆመዋል። ከስተዋል። የጉንዳኑ ንክሻ አንገታቸው ላይ ጠቁሯል።

አነበብኩ። ሂሩት «ሕይወቴን ያተረፉት ጋሼ ወዳጆ ናቸው» ትላለች። በመሪዋ ላይ ክስ አለ ሲባል ሰምታ መደንገጧን ትጽፋለች። ከዚያ ወደ አንድ አንቀጽ ደረስኩና ማንበቤን አቆምኩ። አቶ አድማሱ ቀና ብለው አዩኝ። ጨርሼ ማንበብ ነበረብኝ። «ጋሼ ሊወርዱ አልፈለጉም ነበር። ቆመው ነበር። አንድ የወንድ ድምፅ ውረድ አላቸው። ዓይኔ እግራቸው ላይ ስለነበር ከፊት ይሁን ከኋላ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም።»

አቶ አድማሱ ወደ በሩ ዞሩ።

«ወዳጆ፣ ማነው ውረድ ያለህ?»

ጋሽ ወዳጆ አዩኝ። ረጅም አልነበረም፤ አንድ እስትንፋስ ቢሆን ነው። እኔ ደብዳቤውን ይዤ ቆሜያለሁ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። መክፈት እችል ነበር።

«ማንም አላለኝም። ልማዴ ነው፣ ራሴ ወረድኩ» አሉ።

አቶ አድማሱ ሌላም ጊዜ ጠየቋቸው። ያንኑ መለሱ። በደብዳቤው ምክንያት ክሱ ቀረላቸው፤ ሥራው ግን አልተመለሰላቸውም። አቶ አድማሱ እያዘኑ «ሰው ባየ ቁጥር ከመንገድ የሚዘል ሰው እንግዳ መምራት አይችልም» አሉ። ከእሳቸው አኳያ ትክክል ነበሩ፤ ያልነገርኳቸውን ከየት ያምጡት? ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከፊት የምሄደው እኔ ሆንኩ።

በኋላ በመራሁባቸው ዓመታት ሁሉ በእሳቸው ልማድ ሠራሁ። ሣሩን ቋጠርኩ፣ መሬቱን በዱላ ወጋሁ፣ ወንዝ ላይ ቆጠርኩ። አንድ ሕግ ብቻ ከራሴ ጨመርኩ፦ ሰው ሲመጣ ሁላችንም እንቆማለን፣ ማንም ለማንም ከመንገድ አይወርድም። ኋላ የተቀጠሩ ወጣት አስጎብኚዎች «ጋሽ ጌታቸው ዘመናዊ ናቸው» ይሉኝ ነበር። ሂሩት በምርኩዝም ቢሆን ቆማ ወደ ማስተማሯ መመለሷን ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ፣ አልመለስኩላትም። ለበዓል ለጋሽ ወዳጆ ቤት ስኳርና ጨው በሰው እልክ ነበር። ራሴ አልሄድኩም። ደግ ሰው ናቸው፣ ይቅር ብለውኛል፣ ለልጆቼ ብለው ነው የሸፈኑኝ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ሐሳብ ለብሼው ኖርኩ ማለት ይቻላል።

የሽኝቴ ዕለት የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በረጅም አገልግሎቱ ለእንግዶች ደኅንነት ላሳየው ጥንቃቄ ይላል። ተናገር ሲሉኝ ተነሣሁ። ልናገረው ነበር፤ ጠዋት መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ፊት ወንበር የተቀመጡትን አየሁና «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ብቻዬን ወደ ጋሽ ወዳጆ መንደር ሄድኩ። እንግዳም መሪም ሳልይዝ ጫካ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከኋላዬ የሚቆጠር ሰው አለመኖሩ ይበልጥ አስፈራኝ። ቤታቸው በራፍ ላይ አርጅተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሊነሡ ሲሉ እባክዎ አልኳቸው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። ልጃቸው ቆጮ በጎመን አቀረበች፣ አብረን በላን።

«ጋሽ ወዳጆ፣ ያን ቀን ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ልጽፈው ነው። ከእኔ ስም ጋር። ሸፍነውኝ ነበር፤ ደግነትዎን ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።»

ጉርሻቸውን አኝከው ዋጡ። ከዚያ በዝግታ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉኝ።

«ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት? እኔ ደግ አልነበርኩም። ፖሊስ አጠገቤ ነው። ቢሮ ውስጥ ነኝ። ጌታቸው ነው ብል ማን ያምነኛል? የሚያምነኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እርስዎ። ተመለከትኩዎት። ዝም አሉ። እኔም ፈራሁ።»

እነዚያን ዓመታት ሁሉ በልቤ ሳመሰግነው የኖርኩት ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ የነበረው እንደ እኔው የፈራ፣ ያተርፈኛል ብሎ ዓይኔን ያየ ሰው ነው።

«እንግዲያ ልተወው?» አልኳቸው።

«ይጻፉት» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ደግ ነበር ብለው ግን አይጻፉብኝ። ፈርቶ ነበር ብለው ይጻፉ።»

እንዳሉኝ ጻፍኩት።